ከዳንቴሉ ሥር ያበጠው ባትሪ

ውድ ባሌ ገመቹ፤

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍሁልህ ረስቼህ አይደለም። ያላጣራሁትን ነገር በወረቀት ላይ ማስፈር ስለማልወድ ነው። አሁን አጣርቻለሁ። ያቺን ኤሌክትሮኒክ የመጽሐፍ ማንበቢያህን በገዛ እጄ ከፍቼ ባትሪዋን ለወጥሁ። ከዚያም ስፈራው የኖርሁትን ገጽ አየሁት።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ፤ ደብዳቤ ከቤት ወሬ ይጀምራል ተብለን ነው የተማርነው። የሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ተገፈፈ። ልጃችን ሰላማዊት ከሐዋሳ መጥታ ሁለት ሳምንት አስታመመችኝ። ልብስህን ለሰው የሰጠችው ያን ጊዜ ነው፤ ጫማህን ግን አንድ ጥንድ አስቀርቻለሁ። ከጎናችን በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ቤት ተሠርቶ በረንዳችን ላይ ይመጣ የነበረውን ነፋስ ዘጋብን። የናዝሬትን ግንቦት ታውቀዋለህ፤ የዘንድሮው ግን ትንፋሽ የሚያሳጣ ነው። መብራቱ እንደ ልማዱ ሳያስታውቅ ይሄዳል፤ ሲመለስም እንደ ተቆጣ ሰው በኃይል ነው የሚመለሰው። ይህን የማወራህ ወሬ ለማብዛት አይደለም። ሙቀቱም መብራቱም በነገሩ ውስጥ አሉበት።

ያቺን የመጨረሻዋን ከሰዓት በኋላ ላስታውስህ። እኔ ከእሷ ወጥቼ አላውቅም። እንደ ሁልጊዜው በረንዳው ላይ ተቀምጠን ታነብልኝ ነበር። ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ አንተ ነህ ያነበብህልኝ። መጽሐፉ ሰላማዊት የጫነችልን ልብ ወለድ ነበር። አንድ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ በክረምት ሐዲዱን ሊፈትሽ ወጥቷል፤ ሚስቱ ቤት ሆና ትጠብቀዋለች፤ በመካከላቸው የሞላ ወንዝ አለ። ልክ ወንዙ ዳር ሲደርስ አንተ ቆምህ።

«ዓይኔ ደከመ፣ ኢንስፔክተር። የቀረውን ነገ ብንጨርሰውስ?» አልኸኝ።

አስተማሪ እንጂ ኢንስፔክተር ሆኜ አላውቅም። ስሙን ያወጣህልኝ አንተ ነህ፤ እኔም ሳልቀየምህ አርባ ስድስት ዓመት ተጠራሁበት። የዚያን ቀን ግን እንደ ስሙ ሆንሁ። ባደግሁበት አዳሪ ትምህርት ቤት አንቀጽ ጀምሮ ያቋረጠ ተማሪ እስከ ደወል ድረስ ቆሞ ይውል ነበር። «ምዕራፍ በመሃል አይቆረጥም» አልሁህ።

አንተም ቀጠልህ። ሩብ ሰዓት ያህል አነበብህ። ድምፅህ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኔም አንዴ «ጮክ በል» ብዬሃለሁ። ሰውየው ወንዙን ተሻገረ፣ ቤቱ ደረሰ፣ ምዕራፉ አለቀ። ማንበቢያዋን ዘግተህ ጉልበቴ ላይ አኖርሃትና «ትንሽ ጋደም ልበል» ብለህ ገባህ።

አልተነሣህም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። መሞትህን ያወቅሁት ዓይኔ ስለማያይ በእጄ ነው። ደረትህ አይነሣም፤ ግንባርህ ግን ገና አልበረደም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ሩብ ሰዓት አልለቀቀችኝም። ማንበቢያዋ ስትከፈት ያቆምህበትን ገጽ እንደምታሳይ አውቃለሁ። ከወንዙ እስከ ምዕራፉ መጨረሻ ስንት ገጽ እንዳስነበብሁህ፣ ደክሞህ ሳለ ስንት ጊዜ እንዳስገለበጥሁህ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አልከፈትኋትም። እንድትጠፋም አልፈለግሁም፤ ቻርጇ ካለቀ ገጹ አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ። ማየትም ፈራሁ፣ ማጣትም ፈራሁ።

ስለዚህ መኝታ ቤት ኮመዲኖው ላይ ከፎቶህ ጎን አስቀመጥኋት። መብራት በሄደ ቁጥር ባዶ እንዳትሆን ቻርጀሯን ሰካሁባት። ከላይ ነጩን ዳንቴል አለበስኋት። እኛ ቤት የከበረ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል። ሬዲዮው ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ የማንቀመጥበት ሶፋ ሳይቀር ለብሷል። አንተ «አንድ ቀን እኔንም ታለብሺኛለሽ» እያልህ ትስቅብኝ ነበር። ዓመት ከአንድ ወር ያህል ቻርጀሯ አልተነቀለም።

በመጋቢት መጨረሻ መኝታ ቤቱ መሽተት ጀመረ። ጣፋጭ ሽታ ነው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይመስላል። የጎረቤቱ ፎቅ ቀለም እየተቀባ ስለነበር ከዚያ የመጣ ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። አየህ ስሕተቴን፤ ሽታውን ከውጭ ከለከልሁ ብዬ ከራሴ ጋር ቆለፍሁት። አንድ ወር እንዲህ ተኛሁ። ራሴን እያመመኝ እነሣለሁ፤ እርጅና ነው እላለሁ።

አንድ ጠዋት አልጋዬን ሳነጥፍ ዳንቴሉ ላይ ዓይኔ ዐረፈ። መሃሉ ከፍ ብሏል። የተኛ ሰው ደረት ላይ የጣሉት ጨርቅ ነው የመሰለኝ፤ ልክ አሁን ዝቅ የሚል፣ መልሶ ከፍ የሚል። ቆሜ ጠበቅሁት። አልተንቀሳቀሰም። ስገልጠው የማንበቢያዋ ጀርባ አብጦ ሽፋኑ በአንድ በኩል ተላቅቋል። ነካሁት፤ ይሞቃል። ገመቹ፣ ያ ሙቀት ምን ያህል እንደሆነ ታውቃለህ? እጄ የሚያስታውሰው ሙቀት ነበር።

ቻርጀሩን ነቀልሁ፤ በመሐረብ ጠቅልዬ በባጃጅ ጫልቱ ዘንድ ሄድሁ። ጫልቱ አራተኛ ክፍል ያስተማርኋት ልጅ ናት፤ አሁን ሦስት ልጆች አሏት፣ ገበያው መንገድ ላይ የስልክ መጠገኛ ከፍታለች። መሐረቡን ስፈታው አምላኳን ጠርታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«ያ ዋቅ! ቲቸር፣ ይህን ታቅፈው ነው በባጃጅ የመጡት?»

«ምን ሆነ?»

«ባትሪው ተነፍቷል። ቢበሳ ወይም ቢታጠፍ እሳት ነው። የት ነበር ያስቀመጡት?»

«ከራስጌዬ።»

አየችኝና «ማነው ሁልጊዜ ሰክቶ የተዋት?» አለችኝ። ስልሳ ሕፃናት ፊት ቆሜ የማይወድቅ አንገቴ የዚያን ጊዜ ወደቀ። ዳንቴሉንም አልነገርኋት። ስትሞቅ ውላ ስትሞቅ ማደሯን ግን ራሷ ገመተችው። ለዘላለም እንዳትጠፋ ብዬ ያደረግሁት ነገር ነው የገደላት፤ ጫልቱ እንዲህ አላለችም፣ እኔ ነኝ የምለው።

ባትሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ዐሥር ቀን ይፈጃል አለች። «እዚህ ይተዉልኝ፤ ለውጬ፣ ከፍቼ ፈትሼ እሰጥዎታለሁ።» ከፍታ ስትፈትሽ ገጹን ቀድማ ታያለች ማለት ነው። አልሆነልኝም። ራሴ እለውጣለሁ አልኋት።

«ቲቸር፣ ድሮ በማስመሪያ መቱኝ፣ አሁን ደግሞ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው?» ብላ ሳቀች። መጽናቴን ስታይ ግን ሳቋን ትታ አስተማረችኝ። ደብተር አውጥቼ ጻፍሁ፤ የጻፍሁትን አነበብሁላት፤ ሁለት ቦታ አረመችኝ። ብረት ወደ ባትሪው አይጠጋም። ከሁሉ በፊት የባትሪው ሶኬት ይነቀላል። ሙጫው በክር ይቆረጣል እንጂ አይፈነቀልም። አሸዋ አጠገብ ይኑር። «ገጹስ ይጠፋል?» ብዬ ጠየቅኋት። «የምታስታውሰው በባትሪው አይደለም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ግን ዓመት ሙሉ ስትበስል የኖረች ዕቃ ናት፤ አልምልልዎትም» አለችኝ።

ያንን ዐሥር ቀን እንዴት እንዳሳለፍሁት ልንገርህ። ቻርጇ በራሱ ይለቅ ተብዬ ስለነበር በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አሸዋ ላይ አስተኝቻት በረንዳው ጥግ ጥላ ውስጥ አኖርኋት። ጠዋትና ከሰዓት በማስመሪያ እለካታለሁ። በመጀመሪያው ቀን የተላቀቀው ጠርዝ ሦስት ሚሊ ሜትር ነበር። በአራተኛው ቀን አራት ሆነ። በሰባተኛው ቀን አምስት አለፈ። ሳያት አትንቀሳቀስም። ተመልሼ ስመጣ ግን ተንቀሳቅሳ አገኛታለሁ።

መተሐራ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን በነበርህ ጊዜ የሆነውን አስታወሰኝ። ገና አንድ ልጅ ሳንወልድ እሑድ እሑድ በሰቃ ሐይቅ ዳር እንሄድ ነበር። ሐይቁ መሬቱን ይበላል ሲባል እኔ አላመንሁም፤ «ሐይቅ እግር የለውም» አልሁህ። አንተ ጥቁር ድንጋይ አንሥተህ ውሃው ጠርዝ ላይ አስቀመጥህና «በሚቀጥለው ዓመት እናያለን» አልኸኝ። በዓመቱ ስንሄድ ድንጋዩ አልነበረም። አንተ ሱሪህን ጠቅልለህ ገብተህ በእግርህ ፈልገህ አገኘኸው፤ ውሃው ከጉልበትህ በላይ ነበር። «ዞር ስንል ነው የሚራመደው» አልኸኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር። በዐሥሩ ቀን ውስጥ ማስመሪያ ይዤ ጎንበስ ባልሁ ቁጥር ያ ነገርህ ይመጣብኛል።

በዘጠነኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከቆርቆሮው ውስጥ ጣት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ። ቡናማው አቧራ ሰማዩን ሸፍኖት ነበር፤ በመንገዱ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ሄጄ ለማየት እስክደፍር ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። የሽፋኑ ጥግ ነው የተሰነጠቀው። ከስንጥቁ ብርማ ነገር ይታያል።

አዲሱ ባትሪ ቅዳሜ መጣ። ጠዋት ገና ሳይሞቅ የበረንዳውን ጠረጴዛ ጠርጌ ተቀመጥሁ። አንድ ወረቀት ላይ ካሬ ካሬ አሰመርሁ፣ ቁጥር ጻፍሁበት፤ ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ላስቀምጥ። ይህንን ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፤ ግን አንተ ሬዲዮ ከፍተህ በገጠምህ ቁጥር አንድ ብሎን ይተርፍህ ነበር፣ እኔም ለሳምንት አነሣብህ ነበር።

ሽፋኑን ጫልቱ በሰጠችኝ ፕላስቲክ አላቀቅሁት፤ ግማሹን ባትሪው ራሱ አላቆት ነበር። ከውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። እንደ ፊኛ የተነፋ፣ ቆዳው የተወጠረ፣ ብርማ ነገር። ሶኬቱን ነቀልሁ። የስፌት ክር በሁለት እጄ ወጥሬ ከሥሩ እያስገባሁ ወዲህና ወዲያ ሳብሁ። ሙጫው በቀላሉ አይለቅም። መሃል ላይ ክሩ ያዘ፤ ትንሽ ጠንከር አድርጌ ስስበው «እስስ» አለ። እጄን አላነሣሁም፤ መተንፈስ ግን አቆምሁ። ጣፋጩ ሽታ ፊቴን ሞላው። እስከ ሃያ ቆጠርሁ። ምንም አልሆነም። ክሩን ሳብሁ፣ ለቀቀ፤ አንሥቼ አሸዋው ውስጥ አስገባሁት።

ከዚያ ማንበቢያዋን ገለበጥኋት። ገመቹ፣ ባትሪ የላትም፣ ሽቦ የላትም፤ ፊቷ ላይ ግን ያው ተኝታ ሳለ የሚታየው የዛፍ ሥዕል እንዳለ ነበር። ቅጠል አልጎደለውም። ጫልቱ ኋላ እንደነገረችኝ የዚህ ዓይነቱ መስታወት ምስል ለማቆየት መብራት አይፈልግም። እኔ ግን ያንን አላውቅም ነበር። ልቡ ወጥቶ ፊቱ ያልተለወጠ ነገር በእጄ ይዤ ተቀመጥሁ። የዚያን ቀን ፊትህን ያላየሁት ዓይኔ አሁን ያየው መሰለኝ።

አዲሱን አስገባሁ፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ ብሎኖቹን በተራቸው መለስሁ፣ ሽፋኑን ገጠምሁ። ቻርጀሩን ስሰካው ወዲያው መብራት ሄደ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዶ እስከ ስድስት ሰዓት አልመጣም። እኔም ከወንበሩ አልተነሣሁም። መብራቱ ሲመለስ ፊቷ ጥቁር ሆነ፣ ነጭ ሆነ፣ እንደገና ጥቁር። ዛፉ ሄደ። ብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ፊደል መጣ።

በመጀመሪያ የተበላሸች መስሎኝ ነበር። ፊደሎቹ የአውራ ጣቴን ያህል ናቸው። ሙሉው ገጽ ዐሥር ቃል አይሞላም። ከዚያ ገባኝ። አልተበላሸችም፤ አንተ ነህ እንዲህ ያደረግሃት። የአንተም ዓይን እየሄደ ነበር። ሦስት ዓመት ዓይኔ ሆነህ ስታነብልኝ አንተም እየታወርህ ነበር፣ አልነገርኸኝም። «ለምን ቀስ ብለህ ታነባለህ?» እያልሁ ስንት ጊዜ ተቆጣሁህ?

ቀጥዬ ቃላቱን አነበብሁ። «ወንዙ ዳር ሲደርስ ጠባቂው ቆመ» ይላል። የቆምህበት ቦታ ነው። «የቀረውን ነገ» ያልኸኝ ቦታ። ከዚያ በኋላ አንድም ገጽ አልገለበጥህም።

ወደፊት ገለበጥሁ፤ በዚያ ፊደል ብዙ ብዙ ገጽ ነው። ሰውየው ወንዙን አይሻገርም። ወንዙ ይወስደዋል። ፋኖሱን ሌሎች ሰዎች ዳር ላይ ያገኙታል፤ ሚስቱ ሳትሰማ ምዕራፉ ያልቃል። አንተ ያነበብህልኝ የትም የለም። ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደጃፉ ላይ መድረሱ የለም። ጫማውን አውልቆ ከመስኮቱ ሥር፣ አፍንጫውን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጎን ለጎን ማስቀመጡ የለም። በሩን ገፍቶ «መጣሁ፤ አትቆጪ» ማለቱ የለም።

በኛ ቤት ጫማ ከመስኮቱ ሥር አፍንጫው ወደ ግድግዳ ዞሮ ጎን ለጎን እንዲቀመጥ ያዘዝሁ እኔ ነኝ። ማታ ማታ ስትገባ «መጣሁ፤ አትቆጪ» የምትል አንተ ነህ። እኔ ግን የተማሪ ኩረጃ ከሽታው የማውቅ ሴት፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁህ፤ ስትጨርስም «አየህ፣ ምዕራፍ እንዲህ ነው የሚዘጋው» አልሁህ።

ገጹ ወይ ነፃ ያወጣኛል ወይ ይፈርድብኛል ብዬ ነበር ዓመት ሙሉ የፈራሁት። አንዱንም አላደረገም። ምዕራፉን አላስነበብሁህም፤ ግን ሩብ ሰዓት ከሌለ ነገር ታሪክ አስፈጠርሁህ፣ የቀረህን ትንፋሽ ለዚያ አወጣኸው። ለምን ሰውየውን አሻገርኸው? የተጻፈውን ቀደም ብለህ ብቻህን አንብበህ ነበር? ወይስ ደረትህ ውስጥ የሚመጣውን አውቀህ፣ ሳትነግረኝ እየተሰናበትኸኝ ነበር? ይህንን የሚያሳይ ገጽ የለም። ሁሉንም ገልብጬ ፈልጌያለሁ።

አሮጌውን ባትሪ ከነአሸዋው ጫልቱ ወሰደችው። ከቆሻሻ ጋር አይጣልም አለች። አዲሱም ዕድሜ እንዳለው፣ አንድ ቀን እንደሚያብጥ ነገረችኝ። እኔም የማያብጥ ነገር እንደማልጠብቅ ነገርኋት። አንድ ብሎን ተርፎኛል። ወረቀቱ ላይ አምስተኛው ካሬ ውስጥ ተቀምጧል፤ ከየት እንደወጣ አውቃለሁ፣ ግን አልከፈትሁም፣ እዚያው ይቀመጥ። ዳንቴሉን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት። ቻርጀሩንም ነቅያለሁ። ማንበቢያዋን ወደ አንተ ገጽ መልሼ ዘጋኋት፤ ቻርጇ ሲያልቅ ይለቅ።

ሰላማዊት በስልክ «መጽሐፉ እንዴት አለቀ?» ብላ ጠየቀችኝ። በሕይወቴ የተሳሳተ መልስ ልክ ነው ብዬ አላለፍሁም። ይህንን ግን አልፌዋለሁ። ሰውየው ቤቱ ደረሰ አልኋት። የተጻፈውን አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁለተኛ አላነበውም። ከዛሬ ጀምሮ የማስታውሰው አንተ የነገርኸኝን ነው፣ በነገርኸኝ ድምፅ፣ ያ «ጮክ በል» ያልሁት ድምፅ።

ያስቀረሁትን ጫማህን ከመስኮቱ ሥር አውጥቼዋለሁ። አፍንጫው ወደ ግድግዳ ነው። ሰሞኑን ስሞች ይጠፉብኛል፤ ትናንት የጎረቤታችንን ስም ሁለት ጊዜ ፈለግሁት፣ ዞር ስል ነው የሚሄድብኝ። ውሃው እየመጣ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ገመቹ። ጉልበቴ እስኪደርስ፣ ከዚያም እስኪያልፍ ድረስ ግን ድንጋይህ የተቀመጠበትን ቦታ በእግሬ እየፈለግሁ አገኘዋለሁ።

ሚስትህ፣ ኢንስፔክተርህ